የታለ የእጅሽ ሥራ?

አናጢ አባት ያለው ሰው ያውቀዋል፤ አብሮ መንገድ መሄድ ጣጣ ነው። የእሷም አባት እንዲያው ናቸው። በየደጃፉ ይቆሙና «ይቺን በር አየሻት? የኔ እጅ ናት!» እያሉ የሰው በር ይደባብሳሉ። ባለቤቱ ሌባ መስሎት ብቅ ቢል እንኳ አይደነግጡም፤ «ማጠፊያዋ እንዴት ሆነች?» ብለው እሱኑ ያፋጥጡታል።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ይዞራሉ። «አንቺስ እናትዬ፣ የታለ የእጅሽ ሥራ?»

ምን ትበል? የትልቅ ኩባንያ ሶፍትዌር ኢንጂነር ናት፤ ዓመት ሙሉ የምትለፋው ማንም በማያየው የውስጥ ሥራ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ሥራው ክፉ አይደለም። ደመወዙ ጥሩ ነው፤ የአባቷን የዓይን ሕክምና የሚከፍለውም የኩባንያው ኢንሹራንስ ነው። ብቻ «ይኸው» ብላ የምታሳየው ነገር የላትም። ሐኪሙ ደግሞ «ብርሃናቸው ብዙ አይቆይም» ብሏታል።

እንደ ዕድል ዘንድሮ የሚታይ ሥራ ደረሳት፤ ዓይናቸው ለደከመ ደንበኞች ፊደሉ የጎላ የስልክ ገጽ። እያንዳንዷን ቁልፍ ያበጀችው አባቷን እያሰበች ነው። «ቅዳሜ አሳይዎታለሁ» አለቻቸው። እሳቸው እቴ! ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሱት።

ሐሙስ ስብሰባ ተጠራ። ሠራተኛው ከጀርባው «ቶሎ በሉ» እያለ የሚጠራው አለቃ ገና ሳይቀመጥ፣ «ያ ሥራ ቆሟል። ቅድሚያ የምንሰጠው ነገር ተቀይሯል» አለ። «ደመወዝ ግን አይነካም።» ሁሉም እፎይ አለ። እሷም እፎይ አለች፤ ወዲያው በራሷ አፈረች። ከሰዓት በኋላ ገጹ ስልኳ ላይ አልከፈት አለ። የስንት ወር ልፋቷን ውሃ በላው።

ቅዳሜ አባቷ ኮታቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን ወልውለው ጠበቋት። ስልክ ለማየት ኮት! አንጀቷን በሉት። «የለም» ማለት አቃታትና ሌላ ቡድን የሠራውን ገጽ ከፍታ፣ «ይኸው አባዬ» አለች። ዓይን ያወጣ ውሸት።

እሳቸው ስልኩን እስከ አፍንጫቸው አስጠግተው ብዙ አዩት። «ሰማያዊ ነው። ጠርዙም ክብ ክብ ያለ… እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እጅሽ ይባረክ!» ብለው እጇን ሳሙት። የሰው ምርቃት ሰርቆ መቀበል እንዴት እንደሚያቃጥል ያን ቀን አወቀችው።

ወራት አለፉ። የአባቷ ብርሃን ድርግም ብሎ ጠፋ። አለቅየውም ሐሳቡ እንደገና ተቀየረና «ያንን ሥራ አምጪው፣ ቶሎ በሉ!» አለ። ገጹ ለሕዝብ ወጣ፤ የእሷው፣ ከነፊደሉ ከነቁልፉ።

እየሮጠች ቤት ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባዬ፣ ሥራዬ ወጣ! ልንገርዎት፤ መደቡ ነጭ ነው፣ ፊደሉ ደግሞ…»

«ነጭ?» አባቷ ከልባቸው ሳቁ። «ምነው እናትዬ፣ የገዛ ሥራሽ ጠፋሽ? ሰማያዊ ነው እንጂ! በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ለኔ ልትነግሪኝ ነው?»

እንባዋ ሲወርድ እንደማያዩ እያወቀች ፊቷን አዞረች።

«አዎ አባዬ» አለች። «ሰማያዊ ነው።»