ስድስቱ ኩሽኔታዎች

አለበልን በዚያ ሳምንት የሚያናድደው ነገር አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በታደለ! አንደኛው ማሽኑ ነው። ሁለተኛው የእህቱ ባል ጌታሁን ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ የገዛ እናቱ ናቸው።

ማሽኑ ባንድሶ ነው። ፍኖተ ሰላም ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቱ ከቆመ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ላይና ታች ሁለት ጎማ አለው፤ በሁለቱ ላይ እንደ ቀበቶ የተጠመጠመ ቀጭን መጋዝ ይሽከረከራል። መጋዙ በጠረጴዛው መካከል ሲወርድ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ከግራ፣ ከቀኝና ከኋላ የሚይዘው መሪ ያስፈልገዋል። ጉዱ እዚያ ላይ ነው። የድሮው መሪ ቁራጭ ብረት ነበር፤ ተበልቶ ተበልቶ አለቀና መጋዙ ባለቤት አጣ። አለበል ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ ይገፋል፣ መጋዙ ከጠላ ቤት እንደወጣ ሰው ወደፈለገው ይሄዳል።

የወንበር እግር ሲሆን ግዴለም፤ ጠማማውን በመላጊያ ያቀናዋል፣ ሰውም አያውቅበትም። አሁን የመጣው ግን የወንበር እግር አይደለም።

የመጣው የአባቱ ስለት ነው። አለበል የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ወባ ጥሎት፣ ጎረቤት ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ነበር አሉ። ያኔ አባቱ፣ ከቡሬ ወዲህ ባለችው ገጠር፣ ከጓሯቸው የቆመውን ለጋ ዋንዛ እያዩ "ማርያም ሆይ፣ ልጄን ብትምሪልኝ ይህ ዛፍ ለቤትሽ በር ይሁን" ብለው ተሳሉ። ልጁ ዳነ፣ ዛፉም አደገ፣ ልጁም አናጢ ሆነ። "ዛፉም ይድረስ፣ ያንተም እጅ ይፈታ" እያሉ ሲጠብቁ ሲጠብቁ፣ ሰውየው አምና አረፉ። ዘንድሮ ዛፉ ሲቆረጥ ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል! ለመዝጊያው የሚሆን ጠባብ ጠባብ ሳንቃ ወጣ። ከበሩ በላይ ለሚቀመጠው ቅስት የሚበቃ ሰፊ ሳንቃ ግን አንድ ብቻ ተገኘ። አንድ! እሱ ከተበላሸ ሌላ የለም።

በእጅ እንዳይቆርጠው፣ ሳንቃው ስንዝር ውፍረት አለው፣ የአለበል ቀኝ ትከሻ ደግሞ ከጣሪያ ከወደቀ ወዲህ የእጅ መጋዝ አይወድም። ለሌላ አናጢ እንዳይሰጠው፣ ስለቱ በእሱ ራስ ላይ የተሳለ ነው። በሩ ደግሞ ለኅዳር ጽዮን መቆም አለበት፤ ካህናቱ ለምእመኑ ተናግረው ጨርሰዋል።

እናቱ እማሆይ አይደሉም እንጅ ከእማሆይ የባሱ ጸሎተኛ ናቸው፤ ስማቸው እማዋይሽ ይባላል። ሳንቃው በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ አብረው ተጭነው መጡ። "እንጨቱን አድርሰው ይመለሳሉ" ቢባል፣ ወይ ፍንክች! በርጩማ አስመጥተው ከሳንቃው አጠገብ ተቀመጡ። በእጃቸው የባላቸው የወይራ ዱላ አለ። አለበል በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር በዱላው ቅልጥሙን ነካ ያደርጉና፣ "ቀስ በል ልጄ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይሉታል።

አለበል ይህን ተረት ከጨቅላነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል። እንቁላሉ እስካሁን አርጅቶ በሞተ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ሥራውን በደንብ ነበር የጀመረው። ቡሬ ወርዶ መለዋወጫ ከሚሸጠው ከሙሄዲን ዘንድ ስድስት ትንንሽ ኩሽኔታ ገዛ፤ ከጠረጴዛው በላይ ሦስት፣ ከታች ሦስት። ሁለት ከጎንና ከጎን፣ አንድ ከኋላ። መጋዙ ሲነካቸው አብረውት ስለሚዞሩ አያግልም፣ አይበላም። ሙሄዲን ጠቅልሎ ሲሰጠው ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቀው።

"አለበል ወንድሜ፣ ክዳናቸውን እንዳትነካ። ግራሶው ውስጣቸው ነው። ክዳኑ የተሠራው ሰጋቱራ እንዳይገባ ነው።"

"እኔ ምን በወጣኝ እነካለሁ!" አለ አለበል።

እውነቱን ነው፤ እሱ አልነካም። ማቀፊያቸውን ቶርኖ ቤት አስቀረጸ፣ ገጠማቸው፣ በመጋዙና በጎን ኩሽኔታዎቹ መካከል ወረቀት የምታልፍበት ክፍተት ብቻ ትቶ ቡሎኑን አጠበቀ። የባሕር ዛፍ ቁራጭ አምጥቶ ሞከረ። ቀጥ! እንደ ክር ቀጥ! ደስታው ወሰን አጣና እናቱን ግንባራቸውን ሳማቸው።

"እንግዲህ ነገ ቅስቱን እቆርጣለሁ" አለ።

"የበሩን ስፋት በዓይንህ አይተኸዋል?" አሉ እናቱ።

"የቤተ ክርስቲያኗ ግንበኛ በስልክ ነግሮኛል።"

"በስልክ? የማርያምን በር በስልክ? ሂድና በእጅህ ለካ እንጅ!"

ተከራክሮ የማያሸንፈው ሰው ቢኖር እናቱ ናቸው። ተነጫነጨና ገጠር ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ለካው፤ ግንበኛው እንዳለው ነበር፣ ጣት እንኳ ልዩነት የለውም። በማግስቱ በሚኒባስ ተጨናንቆ ፍኖተ ሰላም ሲመለስ፣ ጌታሁን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ ፈገግ ብሎ በር ላይ ተቀበለው።

ጌታሁን ደምበጫ ወፍጮ ይጠግናል። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለቱ ነው።

"ማሽንህን ሰርቪስ አደረግሁልህ" አለ።

አለበል ክው አለ። "ምኑን?"

"ኩሽኔታዎቹን ነዋ! በእጄ ባዞራቸው ከበዱኝ። ክዳናቸውን በጉጠት ነቀልሁ፣ በቤንዚን አጠብኋቸው፣ ግራሶ ጠቀጠቅሁባቸው። አራቱን ነው። የኋላዎቹን ሁለቱን ቁልፍ አልገባ ብሎኝ ተውኋቸው።"

"ቤንዚኑን እኔ ነኝ የያዝሁለት" አሉ እማዋይሽ ከበርጩማቸው ላይ። "እንዴት ያለ ባለሙያ ነው! እጁ አያርፍም።"

አለበል ቁራጮቹ ወደተከመሩበት ሄደ። ለመጮህ ገና ነበር፤ ተስፋ አልቆረጠም። ሳንቃውን ሳይነካ ቁራጭ ባሕር ዛፍ አንስቶ ማሽኑን አስነሳ። መጀመሪያ ደህና ነበር። ቀጥሎ ሰጋቱራው በግራሶው ላይ ይለጠፍ ጀመር፤ እንደ ሊጥ ቦካ፣ በክዳን አልባው ኩሽኔታ ሆድ ገባ። አንዱ ቀጥ አለ። ሁለተኛው ቀጥ አለ። መጋዙ ጮኸ፣ ጢስ ወጣ፣ እንጨቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጧ! ብሎ መጋዙ ከጎማው ላይ ዘሎ ወለሉ ላይ ተጠቀለለ። እማዋይሽ ሳንቃውን በሁለት እጃቸው አቅፈው "እመቤቴ!" አሉ።

አሁን መጮህ ይቻላል።

"ጌታሁን! ይሄ ወፍጮ ነው እንዴ? ማሽላ ልታስፈጭብኝ ነው?"

"እኛ ኩሽኔታ እንዲህ ነው የምንይዘው! ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ!"

"ወፍጮ ላይ! ወፍጮ ላይ ሠራህበት! ያ ክፍት ነው፣ ይሄ ዝግ ነው! የተዘጋ ነገር አይተህ ለምን ተዘጋ አትልም? ኧረ ስንቱን ልቻል! ቆሽቴን አሳረራችሁት እኮ! እርስዎም እማ፣ ቤንዚን ያዥ ይሆናሉ?"

"ምን አውቄ ልጄ?" አሉ እናቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዝቅ ማለታቸው ይበልጥ አናደደው፤ ደህና አድርጎ እንኳ እንዳይቆጣ አደረጉት።

ወጣና ሙሄዲን ጋ ደወለ።

"አለቀ፤ የመጨረሻዎቹ ናቸው የወሰድሃቸው" አለ ሙሄዲን። "ከአዲስ አበባ ባዝዝ ሳምንት ይፈጃል፤ መንገዱንም ታውቀዋለህ።"

"ጽዮን እኮ አራት ቀን ነው የቀራት፣ ሙሄዲን!"

ሙሄዲን ትንሽ አሰበ። "የኋላዎቹ ደህና ናቸው ካልህ፣ የሚያስፈልግህ የጎኖቹ ብቻ ናቸው። አባቴ ጣውላ መሰንጠቂያ በነበረው ጊዜ ከጎን የሚያስገባው ኩሽኔታ አልነበረም፤ ዘይት የጠጣ ወይራ ነበር። ግን ደረቅ ይሁን፣ ዓመታት የደረቀ። እርጥቡ ሲግል ይሰነጠቃል።"

ደረቅ ወይራ! አለበል ገበያውን ዞረው። የጋን ማጠኛ ወይራ ሞልቷል፤ ሁሉም ትናንት የተቆረጠ፣ ቅጠሉ ገና ያልጠወለገ። ቀንበር የሚሸጡትን ጠየቀ፣ የግራር ነው አሉት። የወይራ ምሰሶ ያለበት ቤት ተጠቁሞ ቢሄድ፣ ባለቤቱ "ቤቴን ላፍርስልህ?" ብሎ ሳቀበት። ሁለት ቀን እንዲህ ሄደ። ጌታሁን ይህን ሁሉ ጊዜ ከኋላው እየተከተለ "ግዴለም፣ ኩሽኔታዎቹን ደግሜ ባጥባቸውስ?" ይለዋል። ሰውን የሚያሳብደው መክፋት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ደግነት ነው።

ሁለተኛው ቀን ሲመሽ አለበል በራፉ ላይ ተቀመጠ። ትከሻው ያመዋል። "አለቀ" አለ። "ለካህናቱ እደውላለሁ። ለሚመጣው ዓመት ይሁን።"

ከኋላው ዱላ ቅልጥሙን ነካው።

"እማ፣ በእመቤቴ ይሁንብዎ! አሁን እንኳ ይተዉኝ!"

ዱላው ግን አልሄደም። ዞር ሲል እናቱ በጫፉ ይዘው እጀታውን ወደ እሱ ዘርግተውለታል።

"ይሄ ስንት ዓመት የደረቀ ይመስልሃል?" አሉ።

አየው። አባቱ ከአርባ ዓመት በላይ ይዘውታል። የእጃቸው ወዝና በየፋሲካው የሚቀቡት ቅቤ ገብቶበት ጠቁሯል፣ አብረቅርቋል፤ አንድ ስንጥቅ የለበትም። አብሯቸው ሊቀበር ሲል እናቱ ናቸው "ይሄስ ለእኔ" ብለው ያስቀሩት።

"አይሆንም" አለ አለበል።

"ለምን አይሆንም?"

"የአባባ ነው!"

"ሳንቃውስ የማን ነው?" አሉ እማዋይሽ። "ቁረጠው። ቤንዚኑን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ልክፈል።"

አለበል ዱላውን ተቀበለና ዓይኑን ሳያነሳ በእጅ መጋዝ አራት ጉማጅ አወጣ፤ ትከሻውን አመመው። ጉማጆቹን ለብ ባለ የኑግ ዘይት ውስጥ ነክሮ አሳደራቸው። ሲነጋ የዘለለውን መጋዝ ወደ ጎማዎቹ መለሰ፤ የጉማጆቹን ፊት በሞረድ አለሰለሰ፤ በአራቱ ኩሽኔታዎች ቦታ ከታችና ከላይ አስገባ፤ የወረቀቷን ክፍተት ሰጣቸው፤ የመጋዙ ጥርስ እንዳይነክሳቸው ትንሽ ወደኋላ መለሳቸው። ልክ ማሽኑን ሊያስነሳ ሲል መብራት ሄደ። መቼስ! ያለዚያማ ምኑን ፍኖተ ሰላም ሆነ? መብራቱ እስኪመጣ ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ማንም ምሳ አልበላም።

ጌታሁንን ከሳንቃው ጀርባ አቆመው። "ጫፉን ደግፍ። አትግፋ፣ አትሳብ፣ አትናገር።"

"ትንሽ ግራሶ ግን…"

"ጌታሁን!"

"እሽ፣ እሽ።"

ማሽኑ ተነሳ። አለበል አማተበና ሳንቃውን አስጠጋ። መጋዙ በእርሳሱ መስመር ላይ ገባ፤ የመስመሩን ግማሽ እየበላ፣ ግማሹን እየተወ ሄደ። መሃል ላይ፣ ቅስቱ በሚታጠፍበት፣ ትልቅ ጉጥ አለ። መጋዝ የሚሰክረው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። አለበል ትንፋሹን ያዘ። እጁ ሊቸኩል ፈለገ፤ እንጨቱን ገፋ አድርጎ ከዚያ ጉጥ መገላገል አማረው።

"ቀስ በል" አሉ እናቱ ከበርጩማቸው።

ቀስ አለ። ከጉጡ ውስጥ የመጋዙ ድምፅ ወፈረ፣ ወይራው ከግራና ከቀኝ ጸጥ ብሎ ያዘው፣ መጋዙም ወዲህ ወዲያ ሳይል አለፈ። የተቆረጠው ትራፊ ወለሉ ላይ ዱብ ሲል ጌታሁን እንደ ሕፃን ዘለለ። አለበል ማሽኑን አጠፋና ቅስቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፉ ዳበሰው። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ አንዱን የወይራ ጉማጅ ነካ፤ ለብ ብሏል እንጅ አልተሰነጠቀም። አባቱ ከሞቱ ወዲህ አላለቀሰም ነበር፤ እዚያው ሰጋቱራው ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ።

እማዋይሽ ቅስቱን ሊስሙ ከበርጩማቸው ተነሱ። እጃቸው እንደለመደው ወደ ግድግዳው ሄዶ ዱላውን ፈለገ። አጣው። ባዶ እጃቸውን አዩ።

"አሁን እኔ በምኔ ልሂድ?" አሉ።

አለበል ፊቱን በክንዱ ጠረገና ብድግ አለ። "ደግሞ እሱን ጣሉብኝ!" አለና ደህነኛውን ትከሻውን አዘነበለላቸው። እጃቸውን ጣሉበት። ወደ ቅስቱ ሁለት እርምጃ ሄዱ።

"አትሩጥብኝ እንጅ፣ አባትህ እንዲህ አይሮጥም ነበር። ቀስ በል።"

እሱም ቀስ አለ።