የጭራቁ ደራሲ

ደግሞ አስር ከአስር፣ ምን ነክቷት ነው ለአንዲት ተማሪ ተረት አስር ከአስር የሰጠችው፣ ዘጠኝ ብትሰጥ ኖሮ የክፍሉ በር ላይ አትለጥፈውም ነበር፣ ባትለጥፈው ይሄ ከትምህርት ቢሮ የመጣ ሰውዬ ሲያልፍ አያነበውም ነበር፣ አሁን ወረቀቱ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ ጎበዝ ያለችበት የራሷ ጽሑፍ አፍጥጦ ያያታል። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምራ እንዲህ ያለ ሞኝነት።

አርብ አርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ተረት ትጀምራለች፣ መሃል ላይ ታቆማለች፣ መጨረሻውን ልጆቹ ቤታቸው ጽፈው ይመጣሉ፣ ከሁሉም የበለጠው በሩ ላይ ይለጠፋል፣ ደንቡ ይሄው ነው፣ የእሷ ጭራቅ ጠመኔ ብቻ ነበር የሚበላው፣ በእናታችሁ፣ ጠመኔ የሚበላ ጭራቅ ማንን ያስቀይማል። የቢሮው ሹፌር ልጅ ግን፣ አራተኛ ክፍል፣ ገና አፍንጫዋን በእጅጌዋ የምትጠርግ፣ ጭራቁን ከረባት አልብሳ አመጣችው፣ አይጮህም፣ መስኮት ይቆጥራል፣ ይህ ትምህርት ቤት ታሟል ወስጄ ላሳክመው ይላል፣ ዛሬ አንድ ክፍል ነገ አንድ ክፍል ይውጣል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤታችንስ ሲሉት አፉን በመሐረብ ጠርጎ የምን ትምህርት ቤት ይላቸዋል። ስታነበው አለቀሰች፣ ከደስታም ከፍርሃትም፣ ባለፈው ወር ትምህርት ቤቱን ሊዘጉ ከቢሮ የመጡት ሰዎች መስኮት ሲቆጥሩ ልጅቷም አይታ ኖሯል።

እናቴ፣ ማን እንደጻፈው ይንገሩን እንጂ፣ ይላል ሰውዬው፣ ትህትናው ያንገሸግሻል፣ ልጅቷ ከሆነች የጻፈችው አባቷን እናነጋግራለን፣ የኛው ቢሮ ሹፌር አይደል፣ ቤቱ ምን እንደሚወራ ማወቅ አለብን። እናነጋግራለን ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች፣ የመኪናውን ቁልፍ አስረክብ፣ በቃ፣ አምስት ልጅ ይዞ ሜዳ ላይ።

ርዕሰ መምህሩ እሷው ያስተማረችው ልጅ ነው፣ ዛሬም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ቲቸር፣ እኔ ነኝ ያስጻፍኳት ይበሉና ይለቅ፣ ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ጡረታዎ እንደሆነ ደርሷል። ልክ ነው፣ የእሷስ ምን ቀረ፣ ትጽፋለች፣ ትፈርማለች፣ ይኸው ጌታው፣ ጭራቁ የኔ ነው።

አይበቃም፣ ይላል ከቢሮ የመጣው፣ ልጅቷ በራሷ ይህን መጻፍ እንደማትችል ይጨመርበት።

ለካስ ይቺን ነው ሲያደባ የቆየው፣ ትምህርት ቤቱን እንዝጋው የሚሉት እዚህ ያሉ ልጆች ማንበብ መጻፍ አይችሉም ብለው ነው፣ የጠፋው ማስረጃ ነበር፣ ማስረጃውን በራሷ እጅ፣ በራሷ ፊርማ፣ አልጽፍም ብትል ሹፌሩ፣ ብትጽፍ አራት መቶ ልጅ፣ አራት መቶውስ ብትጽፍም ባትጽፍም መበተናቸው አይቀር፣ አይቀር? ማን አለ አይቀርም፣ እንደነሱ ማሰብ ጀመረች እንዴ።

በመስኮቱ ልጅቷ ትታያለች፣ ጓደኞቿን ሰብስባ ባዶውን በር በጣቷ እያሳየች ነው፣ እዚህ ጋ ነበር እኮ፣ እውነቴን ነው፣ እናንተ አታምኑም።

ሃያ ሁለት ዓመት በማንም ልጅ ካርድ ላይ አይችልም ብላ ጽፋ አታውቅም፣ ስሙን መጻፍ ላቃተውም ገና ነው ይደርሳል ነበር የምትለው፣ ወላጅ ሲቆጣ ይደርሳል፣ ልጁ ራሱ ተስፋ ሲቆርጥ ይደርሳል፣ እስክሪብቶውን ታነሳለች፣ ተማሪዋ ይህን በራሷ መጻፍ አትችልም፣ አራት ነጥብ፣ ቀን፣ ፊርማ።