ለሰማንያ ስምንተኛው ዓመት የታሰበው ሰይፍ

ሹሳኩ ሞሪዋኪ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲነዳ የኖረ፣ ቃሉን ጠባቂ፣ ከመስመሩ ውልፍት የማይል ሰው ነው። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሰይፍ ልግዛ ብሎ ሲነሳ ሚስቱ ፉሚ "ምነው፣ ማንን ልትወጋ ነው?" ብላ ሳቀችበት። እሱ አልሳቀም። ሰይፉን የፈለገው ለራሱ ሳይሆን ለአባቱ ነበር።

አባቱ አቶ ጌንኪቺ ከነሹሳኩ ጋር ሳይዳይጂ በሚገኘው አሮጌ ቤት ይኖራሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት መከር፣ ጃፓንን የያዙት አሜሪካኖች ሰይፍ ያለው ሁሉ ያስረክብ ብለው ሲያዙ፣ ከአያት ቅድመ አያት የወረደውን የቤቱን ሰይፍ በሚስታቸው መቀነት ጠቅልለው ፖሊስ ጣቢያ የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ግቢው ውስጥ ሰይፉ እንደ ማገዶ ተከምሯል። ፖሊሱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው "እዚያ ጣለው" አላቸው። ጣሉት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ፣ ያች ቀን ግን ከሽማግሌው አፍ አልጠፋችም።

"መወሰዱስ ይወሰድ፤ የማን ያልተወሰደ አለ?" ይላሉ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ቀመስ ሲያደርጉ። "የሚቆጨኝ መወርወሬ ነው። ጎንበስ ብዬ ባስቀምጠው ምን እሆን ነበር? አንድ ቀን እንደዚያኛው የኦሳፉኔ አንጥረኞች የሠሩትን ሰይፍ በእጄ ይዤ፣ በወጉ ባስቀምጠው፣ ከዚያ በኋላ የፈለገው ይምጣ።"

በመጪው ግንቦት ሰማንያ ስምንት ሊሞላቸው ነው። ሰማንያ ስምንት ደግሞ እንዲሁ የሚታለፍ ዓመት አይደለም። ዘመድ ይጠራል፣ ቀይ ባቄላ የገባበት ሩዝ ይቀርባል፣ ሽማግሌው ወርቅማ ካባ ለብሰው የክብር ቦታ ይቀመጣሉ። ሹሳኩ ሰይፉን በዚያ ቀን፣ ዘመድ ሁሉ እያየ፣ በአባቱ እጅ ላይ ሊያኖር ቆርጧል።

ኦካያማ ከተማ ውስጥ ወይዘሮ ሂሳኖ የሚባሉ የአሮጌ ሰይፍ ነጋዴ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ሱቁን ብቻቸውን የያዙ፣ ምላሳቸው ከሚሸጡት ሰይፍ የማይተናነስ ሴትዮ ናቸው። ሹሳኩ ገና እግሩ እንደገባ ጠረጴዛው ላይ ወደተዘረጋ ሰይፍ እጁን ሰደደ።

"እጅህን ሰብስብ" አሉት። "የባቡር ቅባት የለመደ እጅ እዚህ አይሠራም። የጣትህ ወዝ ነገ ዝገት ይሆናል። ስትይዘው ደግሞ አፍህን ዝጋ፤ ምራቅህም ያው ነው።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰይፍ ልገዛ ፈልጌ ነው።"

"መፈለግህንማ አየሁ። ሰይፍ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እሰይ። አውቃለሁ ብሎ ከሚመጣው አንተ ትሻላለህ። እንግዲያው አትገዛም። መጀመሪያ ታያለህ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሹሳኩ እየተመላለሰ አየ፤ የአባቱን ምኞትና የድግሱንም ነገር አጫወታቸው። ወይዘሮ ሂሳኖ አንድ ሰይፍ ፊቱ ያስቀምጣሉ፤ እሱ እጅ ይነሳል፣ በሁለት እጁ ያነሳል፣ ያያል፣ መልሶ ያስቀምጣል፣ እንደገና እጅ ይነሳል። እሳቸው ሻያቸውን ይዘው ይነዘንዙታል። "የሠሪውን ስም አትፈልግ፣ ስምማ ማንም ይቀርጻል። አጠቃላይ ቅርጹን እይ፤ ወገቡ ያምራል? ከዚያ ብረቱን፣ ከዚያ ስለቱን። ጭራው እጀታው ውስጥ ተቀብሮ የሚኖረው ነው፤ እዚያ ያለው ጥቁር ዝገት ዕድሜው ነው። እሱን በብሩሽ ፍቀህ ብታመጣልኝ በዚህ በር አትገባም። የመንግሥት ወረቀት የሌለውን ደግሞ በነፃም ቢሰጡህ አትቀበል።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ፣ የገዛኸውን ሰይፍ ቶሎ ላስወልውል አትበል። ጀማሪ ሁሉ የሚያብደው እዚህ ላይ ነው። ወልዋዩ ድንጋይ ላይ ባሸው ቁጥር ሰይፉ ይሳሳል፤ የሄደው ብረት ደግሞ አይመለስም። ዳመን ካለ ይዳምን። እንዳለ ያዘው፣ እንዳለ ውደደው።"

ሹሳኩ ራሱን በእሺታ እየነቀነቀ ሰማ። አይ የሰው ነገር፤ ምክር ሲሰሙትማ እንዴት ቀላል ነው።

የብርዱና የበረዶው ወራት ሳይገባ ሴትዮዋ አንድ ሰይፍ አወጡለት። አጠር ያለ፣ የሠሪው ስም የሌለበት፣ የድሮ የኦሳፉኔ ሥራ ነው። ወገቡ ያምራል። መሃሉ ላይ ግን እንደ ጭጋግ የደበዘዘ ቦታ አለው፤ ጫፉ አካባቢም ትንንሽ የዝገት ነቁጦች ይታያሉ። ሹሳኩ ሲያየው ልቡ እዚያው ቀረ።

"ያንተ ይሄ ነው" አሉት ወይዘሮ ሂሳኖ። "ዛሬውኑ ይዘህለት ግባ። እንዳለ። ድግሱ ድረስ ምን ያስጠብቅሃል? ሽማግሌ ቀጠሮ አይሰጠውም።"

"እሺ" አለ ሹሳኩ፤ እሺ ማለቱም ከልቡ ነበር።

ቤት ሲደርስ ግን አባቱ ተኝተው አገኛቸው። ሰይፉን መኝታ ክፍል ገብቶ ለብቻው መዘዘው። ሱቅ ውስጥ ያን ያህል ያማረው ነገር ቤት ሲገባ ያ ጭጋግ ጎልቶ ታየው፤ ነቁጦቹም የበዙ መሰለው። ይሄን ለአባት ይሰጣል? ያውም ለሰማንያ ስምንት? ዘመድ ምን ይላል? የአባቱ ዓይን ደግሞ ደክሟል፤ ከደማቅ ነገር በቀር አይለይም። ሰይፉ እንደ መስታወት ቢያበራ ያዩታል፤ እንዲህ ደብዝዞማ ከጥላ በምን ይለዩታል? እንዲህ እያለ ራሱን አሳመነና አፎቱ ውስጥ ከትቶ ፍራሽ የሚከተትበት ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቀው።

አቶ ጌንኪቺ ነቅተው ወደ እራት ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው አየሩን ማሽተት ጀመሩ። ሰይፍ የሚቀባው ዘይት ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል፤ የእሳቸው አፍንጫ ደግሞ ከዓይናቸው ይበልጥ ነበር።

"ምንድነው የሚሸተኝ?"

ሹሳኩ ደነገጠ። "ጥርሴን አሞኝ ነው አባባ። ቅርንፉድ አድርጌበት ነው።"

ሽማግሌው እንደገና አሸተቱ። "ቅርንፉድ" አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። "አባቴ ሰይፉን የሚቀቡ ቀን ቤቱ እንዲህ ነበር የሚሸተው።" ከዚያ ወደ ፉሚ ዞሩ። "ልጄን ጥርሱን አሞታል። ሩዙን አላልተሽ ገንፎ አድርጊለት። የኔንም የተቀቀለ ዓሣ ለእሱ ስጪው፣ ለስላሳ ነው።"

ሹሳኩ የጤነኛ ሰው ጥርስ ይዞ የሕመምተኛ ገንፎ በላ። አባቱ በየጉርሻው "ያምሃል?" ይሉታል። ሳህኑን ከፊቱ ገፍቶ፣ ተነስቶ ቁም ሳጥኑን ቢከፍት ሁሉም ነገር እዚያው ባለቀ ነበር። ሰይፉ ከአባቱ ጀርባ ካለው ስስ የወረቀት በር ማዶ ነው ያለው። አልተነሳም። ድግሱ ቀን ሲያዩት ያለቅሳሉ ብሎ እያሰበ ገንፎውን ጨረሰ።

በማግስቱ ጠዋት ሰይፉን ይዞ ኩራሺኪ ሄደ፣ ታናቤ የሚባል የታወቀ ወልዋይ ጋ። ታናቤ ሰይፉን አገላብጦ አየና "ጥሩ ነው እኮ፣ ባይነካስ?" አለው። ሹሳኩ የአባቱን ነገር አጫወተው። ታናቤ ራሱን አከከ። "ከፊቴ ብዙ ሰው ወረፋ ይዟል። ለግንቦት እሞክራለሁ። እሞክራለሁ ነው ያልኩት።" ሹሳኩ "እሞክራለሁ" የሚለውን "እሺ" ብሎ ተረጎመውና ደስ ብሎት ተመለሰ።

ወይዘሮ ሂሳኖ ይሄን የሰሙት በስልክ ነው።

"ለማን ብለህ ነው የምታስወለውለው?" አሉት።

"ለአባቴ ነዋ። ዓይናቸው ስለደከመ..."

"አባትህ ሰይፍ ልይ አለህ? ልያዝ ነው ያለህ። ያን ሁሉ ጊዜ ለማን ነው የለፈለፍኩት? ሂድና አምጣው።"

"ግንቦት ሩቅ አይደለም፣ እትዬ።"

"እሱን ለአባትህ ንገረው" ብለው ስልኩን ዘጉት። ሹሳኩ ለቀናት ተቀይሟቸው ከረመ። ነጋዴ ናቸው፣ ሁሉን ላዝዝ ይላሉ አለ ለፉሚ። ፉሚ "እሳቸው ያሉት ልክ ነው፤ ቢያንስ ለአባባ ንገራቸውና በተስፋ ይጠብቁ" አለችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሥጦታ አስቀድሞ ከተነገረ ምኑን ሥጦታ ሆነ?

ብርዱ ጠና። አቶ ጌንኪቺ ቀኑን ሙሉ ከማሞቂያው ጠረጴዛ ሥር እግራቸውን ዘርግተው ይውላሉ። አንዳንዴ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሌለ ነገር ያነሳሉ፤ ቀስ ብለው ደግሞ ያወርዱታል። ሹሳኩ ይሄን ባየ ቁጥር፣ "አባባ፣ ትንሽ ይታገሡ፤ ለግንቦት የሚያስደስት ነገር አለ" ይላቸዋል። "እኔማ ምን ሥራ አለኝ፣ መታገሥ ነው" ይላሉ። "ጥርስህ ተሻለህ?"

የካቲት ላይ ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሳንባቸው ውስጥ ወረደ፤ ሐኪም ቤት በገቡ በሳምንታቸው አረፉ። በመጨረሻው ቀን ሹሳኩ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብሎ "አባባ፣ ሰይፍ ገዝቼልዎታለሁ፤ የኦሳፉኔ ነው" አላቸው። ይስሙ አይስሙ አላወቀም። እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ ተንቀሳቅሳ ነበር፤ ሳል ይሁን ሌላ ነገር እሱንም አላወቀም።

አስከሬኑ ቤት መጥቶ ነጭ ልብስ ከለበሰ በኋላ የቀብር ድርጅቱ ሠራተኛ ከቦርሳው አንድ ነገር አወጣ። በሚያብረቀርቅ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ስንዝር የምታክል ነገር። በሁለት እጁ ይዞ ደረታቸው ላይ አስቀመጠው።

"ምንድነው እሱ?" አለ ሹሳኩ።

"ሙቱን ከክፉ መንፈስ የሚጠብቅ ሰይፍ ነው፣ ጌታዬ። እንደ ወጉ።"

ሹሳኩ ጨርቁን ገለጥ አደረገው። እንጨት ነበር። ሰይፍ እንዲመስል የተጠረበና ብርማ ቀለም የተቀባ እንጨት። ሠራተኛው እፍረቱን አይቶ "ዛሬ ለሁሉም እንዲህ ነው የምናደርገው፤ እውነተኛ ያለው ቤት የለማ" ብሎ አጽናናው።

ሹሳኩ ወደ ስልኩ ሄዶ ለታናቤ ደወለ። ግማሹም ቢሆን የደረሰውን ያህል ይስጠኝ ብሎ ነበር ያሰበው። ታናቤ አስቀድሞ የሐዘን ቃል ተናገረ።

"አቶ ሞሪዋኪ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ወረፋው አልደረሰም። ሰይፍህ መደርደሪያው ላይ፣ ባስቀመጥክበት ጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው። አልነካሁትም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ሹሳኩ ስልኩን ይዞ ቆመ። ያን የብርድ ወራት በሙሉ አባቱ ባዶ እጃቸውን ሲያነሱና ሲያወርዱ፣ ሰይፉ ኩራሺኪ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ነበር። ነገ ጠዋት እንደ አገሩ ወግ አስከሬኑ ይቃጠላል። ካፖርቱን ደርቦ ባቡር ጣቢያ ሮጠ፤ ለዓመታት የነዳው መስመር ላይ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ መስኮት ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። ትኬት ተመልካቹ አውቆት ነበር፤ ሰላምታ ሊሰጠው መጥቶ ፊቱን ሲያይ አልፎት ሄደ።

ሲመለስ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። መነኩሴው ጸሎታቸውን ጨርሰው ሻይ እየጠጡ ነው። ወይዘሮ ሂሳኖም መጥተው ዕጣን አጭሰው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ሹሳኩ የያዘውን ሲያዩ ሁሉ ነገር ገባቸው። ብዙ ሊሉ ሲችሉ ተነስተው ቦታ ለቀቁለት።

አስከሬኑ ፊት ተንበርክኮ እጅ ነሳ። የእንጨቱን ሰይፍ አነሳና ለፉሚ አቀበላት። የራሱን ከጨርቁ ፈታ፤ ሲመዘው ጭጋጉ እንዳለ ነው፣ ነቁጦቹም እንዳሉ ናቸው። ከለቀስተኛው አንድ ሰው እንኳ ነቁጥ አለበት ያለ የለም። አንድ አዛውንት ጎረቤት ብቻ "ይሄ የድሮ ሰይፍ ነው" ብለው እጅ ነሱ። መልሶ አፎቱ ውስጥ ከተተውና ወደ አባቱ እጅ ተጠጋ።

የአባቱ እጆች ለጸሎት ተጣምረው፣ የጸሎት መቁጠሪያው ተጠምጥሞባቸው ደርቀዋል። ሹሳኩ ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብሎ ሊፈታ ሞከረ። አልተፈታም። ጣቱን በጣቶቻቸው መሃል አስገብቶ ገፋ፤ ያም አልሆነም። አፎቱን በመዳፎቹ መሃል ለማሾለክ ሞከረ፤ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት እንኳ አልነበረም።

"ተወው፣ ትሰብራቸዋለህ" አለች ፉሚ በሹክሹክታ።

"ትንሽ ብቻ" አለ። "አንዴ ብቻ። አባባ፣ ይያዙት እንጂ። ይኸው አመጣሁት፣ ይያዙት።"

ወይዘሮ ሂሳኖ ከኋላው መጥተው ትከሻውን ያዙት። እሱ ግን ቤት ሙሉ ሰው እያየው፣ የአባቱን ትንሽ ጣት ማሻሸቱን አልተወም፤ ብትሞቅ የምትላላ መስሎት ነበር።