ቤተ መጻሕፍቱን ያጥለቀለቀው ማን ነው?

አራተኛ ክፍሎችን ዜና መጻፍ አስተምራለሁ ስል ዳይሬክተራችን በሳቅ ፈረሰ። «እነዚህ ልጆች ወሬ ማቀበል መች ጠፋቸውና?» አለኝ። ተናደድኩ። እኔ ደግሞ አንዴ ከተናደድኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። በማግስቱ የክፍሉን የኋላ ግድግዳ በካኪ ወረቀት ሸፍኜ «ጋዜጣችን ይሄ ነው» አልኳቸው። ሕጋችን ሁለት ነበር፦ ያላየነውን አየን አንልም፤ ስሙ የሚነሳን ሰው ሳንጠይቅ አንጽፍም፣ የመለሰውንም አንቆርጥም።

የመጀመሪያው ሳምንት ዜና ስለ ጠፋ ላጲስና ስለ ወለቀ ጥርስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ግን ቤተ መጻሕፍቱ በውሃ ተጥለቅልቆ ተገኘ። የታችኛው መደርደሪያ መጻሕፍት አብጠው ዳቦ መስለዋል። ዳይሬክተሩ ጊዜ አልፈጀም። እትዬ የምንላትን የፅዳት ሠራተኛ ጠርቶ «የቤተ መጻሕፍቱን ቧንቧ ከፍተሽ ሄደሻል፤ እስከ ዓርብ ሥራሽን አስረክቢ» አላት። አንገቷን ደፍታ ወጣች። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ሳልጠይቅ ፈርጄባት ነበር።

«ዜናው የኔ ነው» ያለችው ጠበቃ የምንላት ልጅ ናት፤ ስትከራከር የምትውል። ሦስት ቀን ደብተሯን ታቅፋ ዞረች። ሐሙስ በእረፍት ሰዓት እኔ ጋ መጣች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ፣ የኔ ጎበዝ።»

«ያለፈው ዓርብ ውሃ ጠፍቶ ነበር አይደል?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«እትዬ ከምሳ በፊት ጨርሳ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ለዘበኛው ሰጥታለች። ከዚያ በኋላ የወሰዱት እርስዎ ብቻ ነዎት አለኝ። ቧንቧውን ነክተውታል?»

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ወዲያው እጄ ላይ የነበረው ቀለም ትዝ አለኝ። ልታጠብ ቧንቧውን ከፍቼ ነበር፤ ጠብ የሚል ነገር የለም፤ እየተራገምኩ ወጣሁ። ውሃው የመጣው ቅዳሜ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ከፍቼዋለሁ» አልኳት። «የዘጋሁት አይመስለኝም።»

አልጻፈችም። እርሳሷን ነከሰች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ቲቸር... ስምዎን ልተወው?»

አልዋሽም፣ «ተይው» ልላት ከጅሎኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ «ጥንቁቋ መምህር» ስባል ኖሬያለሁ። ግን እትዬ በማግስቱ ሥራ ልታጣ ነው።

«ጻፊው» አልኳት። «እንዳልኩት አድርገሽ፣ ሳትቆርጪ።»

ዓርብ ጠዋት ዜናው ተለጠፈ። ዳይሬክተሩን እኔው ራሴ እየጎተትኩ አመጣሁት። ሁለት ጊዜ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። የሚቀጣ ካለ እኔን ቅጣኝ።»

መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠራረገ። «እትዬ ሥራዋ ላይ ትቆይ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ደግሞ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ታደርቂያለሽ።»

እትዬን ጠርቼ በልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። «ይሁን» አለችኝ፤ ቁጣዋ ገና አልወጣላትም፣ አልፈርድባትም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ማንበብ አትችልም።

«እኔ ያልኩትም አለበት?» አለች ልጅቷን።

«አለ፣ እትዬ። እዚህ ጋ።»

«እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የፅዳት ሠራተኛዋ እንደገለጹት፣ "ቧንቧውን ዘግቼ ነው የወጣሁት። የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።"»

እትዬ ነጠላ ጫማዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ድገሚው» አለች።