የሐሙስ ቀለም

ሞሊና የቀለሙን ጠርሙስ በሳሪዋ ጫፍ ሸጉጣ ስትገባ፣ አማቷ ሱርቦላ እግራቸውን ቀድመው ዘርግተው ነበር።

"ፒያሊ ሄደች?"

"ገና ሳይነጋ፣ እማ። እናቷን አሟቸው ነው። ማታ ነው የምትመጣው።"

"በይ ቶሎ በይ፤ ሐሙስ አይደል።"

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየሐሙሱ፣ የሱርቦላን እግር ዙሪያውን በቀይ ቀለም ስትቀባ የኖረችው ትልቋ ምራት ሞሊና ናት። በአገራቸው ልማድ፣ ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ሐሙስ እግሯ ሳይቀላ አያምርባትም። ኋላ ሱርቦላን ስኳር በሽታ ያዛቸው። ትንሿ ምራት ፒያሊም ጤና ጣቢያ ሦስት ቀን የእግር አያያዝ ተምራ መስታወት ይዛ መጣች። በየማለዳው የውስጥ እግራቸውን በመስታወት ታያለች፣ በጣቶቻቸው መሃል ትፈትሻለች። ቀለሙንም፣ ቀይ የቁስልን ቅላት ይደብቃል ብላ ከለከለች። ሱርቦላ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ "እንደ ፒያሊ ያለ እጅ የለም" ማለት ጀመሩ። ሞሊና ይህን በሰማች ቁጥር ሥራ ፈልጋ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ዛሬ ግን እግሩ የእሷ ነው። ጥጡን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ከተረከዛቸው ጀመረች።

"እጅሽ ናፍቆኝ ነበር" አሉ ሱርቦላ። "ያቺ ልጅ እግሬን እንደ ገበያ ዓሣ ነው የምታገላብጠው።"

ሞሊና ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ቆይታለች። ትንሿ ጣት ዘንድ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ከጣቲቱ ስር ምስር የምታህል ቁስል አለች፤ ዙሪያዋ ቀልቷል። ትናንት ቤተ መቅደስ የሄዱበት አዲሱ ጫማ ልጧቸው ነው። ዳር ዳሩን ጫን አለችው።

"እዚህ ጋ ያምዎታል?"

"የት ጋ?"

ምንም አልተሰማቸውም፤ ስኳሩ እግራቸውን አደንዝዞታል። ሞሊና ያየችውን ስትነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ቀቢበት፣ ልጄ። ፒያሊ ካወቀች ሁለተኛ ቀለም አታስነካሽም።"

እውነታቸውን ነው። አንድ ጊዜ ጥጡን ብታሳልፍበት ሐሙስ እንደገና የእሷ ይሆናል። ስኳር ያለበት የሰፈሩ ዓሣ ሻጭ ኒታይ ግን እግሩን ያጣው እንዲህ ባለች፣ ባልተሰማችው ቁስል ነበር።

ጠርሙሱን ከደነችው። ቀለሙን በንጹሕ ውሃ አጠበች፣ በእግራቸው እንዳይቆሙ አስጠንቅቃ ለባሏ ደወለች፤ ሪክሾ ይዞ እንዲመጣና አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንዲወስዳቸው ነገረችው።

ሱርቦላ አኮረፉ። "ፒያሊ ማን አየው ብትለኝስ ምን ልበላት?" አሉ።

"ሞሊና አየችው ይበሏት" አለች፣ እግራቸውን በጨርቅ እያደረቀች። "ያለ መስታወት።"