ሱልጣን ከጣሪያ ሲወርድ

"ቀስ! ወገቡን አትንኪው!" ብላ እንሺራህ ጮኸች። ሽማግሌው ውሻ ሱልጣን ግን ገና ደረጃው አፍ ላይ ሲደርስ ጥርሱን አገጠጠ፤ የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሀላ እጇን ለጥቂት አተረፈች።

"በዚህ ጠባብ ደረጃ አይሆንም፣ እትዬ እንሺራህ። ወገቡን ሲነኩት ያመዋል፤ ማደንዘዣ እንዳልሰጠው ደግሞ ልቡ ደካማ ነው።"

"ታዲያ ምን ይዋጠኝ? ሐጂ መትዋሊ እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት ካልወረደ መርዝ አበላዋለሁ ብሎ ምሏል! የሕንፃው ባለቤት እሱ ነው፣ ማን ይከለክለዋል?"

ሱልጣን ወደዚህ የሹብራ ሰፈር ጣሪያ የወጣው ቡችላ ሳለ ታቅፎ ነው፤ ደረጃ የሚባል ነገር ረግጦ አያውቅም። ጣሪያው ላይ ርግብ ያረባ የነበረው ጌታው ርግቦቹን ሸጦ ኩዌት ሲገባ እሱን ከነሰንሰለቱ ጥሎት ሄደ። አንድ ዓይኑ ፈዟል፣ አንገቱን ሰንሰለት በልቶታል፣ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ብለዋል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይሄ ምስኪን ግን ሳይበላም እየጮኸ ስንቱን ሌባ አባሯል! ልብስ ሰፊዋ እንሺራህ የውሃ ታንከሯን ልታይ ወጥታ ካየችው ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

ድንገት ከታች ጥሩምባና ከበሮ ቀለጠ። የሙሽራዋ የኒህላ ዕቃ መድረሱ ነው። የዕቃ ማንሻው መኪና ረጅም መሰላሉን ወደ ላይ ሲዘረጋ እንሺራህ አየችና ልቧ ዘለለ።

"ኡስታ ሸውቂ! ማንሻህ እዚህ ይደርሳል?" ብላ ቁልቁል ወደ ሾፌሩ ተጣራች።

"ይደርሳል! ምን ልስቀልልሽ?"

"አውርድልኝ እንጂ! ውሻ ነው!"

"ወላሂ፣ ፍሪጅ አውጥቻለሁ፣ ቁም ሳጥን አውርጃለሁ፤ ውሻ ግን..."

"ከፍሪጅ ይቀላል!"

የሙሽራዋ እናት ኡም ኒህላ ደረቷን መታች። "የልጄ አልጋ በሚጫንበት ላይ ውሻ? ሞቼ ነው ቆሜ!"

"መርዝ ሊያበሉት ነው፣ ኡም ኒህላ! በልጅሽ ደስታ ቀን ነፍስ ይጥፋ?"

ኡም ኒህላ ወደ ጣሪያው አንጋጣ አየች። ከዚያ ወደ ሸውቂ ዞረች።

"በሠርግ ሰሞንማ ሞት ደጃችን አይደርስም። ምን ትገተራለህ? ብርድ ልብስ አንጥፍለት እንጂ!"

ሱልጣን አፉ በጨርቅ ታስሮ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎና በቀበቶ ተጠፍሮ ቁልቁል ተጓዘ። እንሺራህ በደረጃው በረረች፤ በየፎቁ መስኮት አንገቷን እያወጣች "አይዞህ፣ የኔ ጌታ!" ትለዋለች። መንገዱ ሁሉ አንጋጧል። ብረቱ መሬት ሲነካ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። "ሙሽራው ወረደ!" አለ አንዱ፤ ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። እንሺራህ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።

ዶክተር ሀላ ደረቱን አዳመጠች። "ደህና ነው። እየመጣሁ አክመዋለሁ። መጠለያው ግን ሞልቷል፤ ለሽማግሌ ውሻ ቦታ የላቸውም።"

"አንቺ ቤትማ አይሆንም፣ ትሰግጅበታለሽ" አለች ኡም ኒህላ።

እንሺራህ ምድር ቤት ያለውን ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቋን አየችው። ግማሹን የያዘው ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ ነው።

"ሸውቂ፣ ማንሻህ ባዶውን እንዳይወጣ። ይሄን ጠረጴዛ በበረንዳዬ ወደ ቤት አስገባልኝ።"

"ምነው፣ ሱቁን ልትዘጊ ነው እንዴ?"

"ምን በወጣኝ!" አለችና ከጠረጴዛው ላይ መቀሷንና ጨርቆቿን ትሰበስብ ጀመር። "ላይ ቤቴ እቆርጣለሁ፣ እዚህ ከሱልጣን ጋር እሰፋለሁ።"