መቀስ ሲይዝ የሚታጠፍ እጅ

የፀጉር ቆራጩ እጅ ሁሉን ይሠራል። ቁልፍ ይቆልፋል፣ መርፌ ላይ ክር ያስገባል፣ የሞላ ብርጭቆ ጠብ ሳያደርግ ያነሳል። መቀስ ሲይዝ ብቻ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ወደ መዳፉ ተጠቅልለው ይገባሉ፤ ከገቡ ደግሞ ቢለምናቸውም አይወጡም።

ያማከራት ሐኪም አልሳቀችበትም። ጡንቻህም ጤነኛ ነው፣ ነርቭህም ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ያለው ትእዛዙ የሚወጣበት አንጎል ላይ ነው አለችው። እዚያ ለየጣቱ የየራሱ ቦታ አለ፤ አንድ ዓይነት ጥቃቅን እንቅስቃሴ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ቦታዎቹ ሊደበላለቁ ይችላሉ፤ ያኔ አንዱ ጣት ሲታዘዝ ጎረቤቱም አብሮ ይታጠፋል። “ለጊዜው መቀስ አትንካ” አለችው። “በግድ በተለማመድክ ቁጥር ይብስብሃል።”

ይህን ለታላቅ ወንድሙ ነገረው። ወንድሙ እንኳን የሰውን አንጎል፣ የገዛ ደም ግፊቱንም አያምንም። የፀጉር ቤቱ ባለቤት እሱ ነው፣ ሙያውን ያስተማረውም እሱ ነው፤ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ፣ ደጋግሞ መቁረጥ። ዊግ የደፋ የፕላስቲክ ጭንቅላት ጥግ ላይ አቁሞ ጠዋት ጠዋት ያለማምደው ጀመር። እጁም እንደተባለው ባሰበት።

“ስትበላ ደህና፣ ስትሠራ በሽተኛ” ይለዋል ደንበኛ ፊት። “እንዲህ ያለ ሕመም ለእኔም ባመጣልኝ።”

ደንበኛው ይስቃል። ሌላ ሰው ቢለው ፀጉር ቆራጩ ይችለው ነበር፤ ይህ ግን አባታቸው ከሞተ በኋላ ያሳደገው፣ ታናሹ ውሸት እንደማያውቅ የሚያውቅ ወንድሙ ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ቤቱ በሰው እንደተሞላ፣ ወንድሙ ራሱ ወንበሩ ላይ ጉብ አለ። ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረ።

“ና፣ እኔን ቁረጥ። በእኔ ጭንቅላት መቼም አትቀልድም።”

“ጋሼ፣ ተው።”

“ሰበብህን አስቀምጥና ቁረጥ።”

እምቢ ማለት ነበረበት። ግን ብው ብሎ ነበር፤ መቀሱን ያነሳው ንዴቱ ነው። የወንድሙ ጆሮ አጠገብ ሲደርስ ጣቶቹ ታጠፉ፣ መቀሱ ጆሮው ላይ ገጠመ፣ ደም ፈሰሰ።

ወንድሙ ዘሎ ተነሳና መቀሱን ሊነጥቀው እጁን ያዘ። አልቻለም። በሁለት እጁ ጣቶቹን ሊፈለቅቅ ታገለ፤ የታናሹ ክንድ እስከ ክርኑ ተገትሯል። ቀና ሲል የታናሹን ፊት አየ። በላብ ተጠምቋል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ እሱም ጣቶቹን ለመክፈት እየታገለ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ወደ አንድ ወገን ይስባሉ፣ እጁ ብቻውን ሁለቱንም ያሸንፋል።

“አንተ አይደለህም” አለ ወንድሙ። “በእውነት አንተ አይደለህም።”

በመጨረሻ መቀሱ ወደቀ። ወዲያው ጣቶቹ ምንም እንዳልሆኑ ተዘረጉ። ፀጉር ቆራጩ በዚያው እጁ የሽርጡን ቋጠሮ ፈታ።

“ይቅር በለኝ” አለ ወንድሙ። “አሁን አመንኩህ።”

“እኔን አላመንከኝም፣ ጋሼ። እኔማ ስንት ጊዜ ነገርኩህ። ያመንከው እጄን ነው።”

ፎጣ አምጥቶ ጆሮው ላይ ደገፈለት፣ የወንድሙን መዳፍ ፎጣው ላይ አስይዞ ወጣ።